የሥዕሉ ባልና ሚስት ሽምግልና

ሥዕሉ የመጣልኝ ሦስት ዓመት ከተንከባከብኳቸው አዛውንት ቤት ነው። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ቤታቸው ሄጄ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። እኚህ አዛውንት የሚኖሩት ዴንቨር ውስጥ፣ ሴንትራል ፓርክ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ድሮ የአውሮፕላን ማረፊያ በነበረው ሜዳ ላይ በተሠራ፣ ሁሉም ነገሩ አዲስ በሆነ ቤት። በዚያ ቤት ውስጥ አሮጌ የሚባሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውና ሥዕሉ።

ሥዕሉ ከሶፋው በላይ ከዳር እስከ ዳር ተንጣሎ ተሰቅሏል። ሰሜን አውሮፓ ነው፤ ኖርዌይ ይሁን ስዊድን እሳቸውም በእርግጠኝነት አያውቁም። ገጠር ነው፤ ምድሩ በሙሉ በረዶ ነው። ቀይ የእንጨት ቤት አለ፤ ከጭስ መውጫው ቀጭን ጭስ ይወጣል። ከቤቱ ፊት ለፊት ጎማ የሌለው፣ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ ጋሪ ቆሟል። ጋሪው ላይ ግንድ ተጭኗል፤ ግንዱ ላይ አንድ ሰውዬ ፒፓውን ነክሶ ተቀምጧል። ቡናማው ፈረስ አንገቱን ደፍቷል። ከጋሪው በስተግራ አንዲት ሴት ትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ግራና ቀኝ ሁለት ባልዲ አንጠልጥላ በረዶውን እየሰነጠቀች ትሄዳለች። ጀርባዋን ስለሰጠችን ፊቷ አይታይም። አጥሩ ላይ ሦስት ወፎች አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አዛውንቱን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ወንበር ስቤ ያንን ሥዕል አያለሁ። እውነቱን ለመናገር በሴትየዋ እቀናባት ነበር። ስልክ የላትም። "የት ደረስሽ?" የሚላት የለም። ውሃዋን ይዛ ዝም ብላ ትሄዳለች።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ደወለችልኝ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ መምህርት ናት። "ሥዕሉን ለአንቺ ነው የተዉት" አለችኝ። "ከእኛ ውስጥ የሚያየው ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን ታየዋለች ብለዋል።"

መኪናዬ ውስጥ አልገባ አለ። ጣሪያው ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ሁለታችን በገመድ አሰርነው። ቻምበርስ ሮድ ሳልደርስ በረዶ ጀመረ። ነፋሱ ብርድ ልብሱን ገልጦት ኖሯል፤ የማስጠንቀቂያ መብራቴን አብርቼ እንደ ኤሊ እየተጎተትኩ መብራት ላይ ስቆም፣ አጠገቤ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሽቅብ ወደ ጣሪያዬ እያየ፣ "ይሄ የሚወርደው አልበቃሽም? ሌላ ትጨምሪያለሽ?" አለኝ።

እኛ ያለነው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ጋር እየተጋፋን አወጣነውና ሳሎን ግድግዳ ላይ አስደገፍነው። አባቴ ከመኝታ ክፍላቸው ወጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ አዩት፤ አዩት፤ አዩት።

"ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው የተቀመጠው?" አሉ።

የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚህ ነው።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌ ሆኑ። አጥር የገፋም፣ ሚስቱን ያስቀየመም፣ ውርስ ላይ የተካረረም ደጃፋቸው ላይ ነበር የሚቆመው። እኔ ጋ ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልተጣላላቸውም። እዚህ አገር ሰው ሲጣላ ስልኩን ብሎክ ያደርጋል፤ ሽማግሌ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። አንድ ጊዜ ግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ሰዎች በመኪና ተነካክተው ሲጨቃጨቁ አይተው ሊወርዱ በሩን ከፍተው ነበር፤ በልመና ነው የመለስኳቸው።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ሥዕሉ ፊት ወንበር አስቀምጠው አጉሊ መነጽር ይዘው አገኘኋቸው።

"ወደ ቤቱ በር የሚያደርስ አንድም ዱካ የለም" አሉኝ።

"እና?"

"የሴትየዋ ዱካ ከሜዳው ይጀምራል። የጋሪው ከጫካው ይመጣል። ከቤቱ የወጣም ወደ ቤቱ የገባም የለም። ታዲያ እሳቱን ማን አነደደው?"

"አባዬ፣ ሥዕል እኮ ነው። ሠዓሊው ረስቶት ይሆናላ።"

"ሦስት ወፍ ያልረሳ ሰው?"

 ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ግን፣ ለአንዲት አሮጊት ካልሲ እያጠለቅኩ፣ በእውነት ማን አነደደው እያልኩ አስብ ነበር።

ቅዳሜ አባቴ ሁለት ሰው ጠርተው ጠበቁኝ። አንደኛው ሞንትቤሎ ሰፈር የሚኖሩት ጋሼ ናቸው። ዴንቨር ሲኖሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ እስከ ጡረታ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ሠርተዋል፤ ከዚያ በፊት አዳማ የሱቅ ታፔላና የጭነት መኪና ገላ ላይ ጽሑፍ የሚጽፉ ቀለም ቀቢ ነበሩ። ሁለተኛዋ ከታችኛው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፤ ጴንጤ ናት። ገና ስትገባ፣ "እኛ ጋ በሥዕል ፊት አይጸለይም" አለች።

"ማን ጸልዪ አለሽ?" አሉ አባቴ። "ታዘቢ ነው ያልነው።"

"መታዘብማ ይቻላል" ብላ ተቀመጠች።

አባቴ ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በዚያ የችሎት ድምፃቸው፣ ግንድ ላይ ለተቀመጠው ሰውዬ፣ "በላ ልበልሃ!" አሉት። ሰውዬው ፒፓውን እንደነከሰ ነው። አባቴ ለመልስ የሚበቃ ጊዜ ጠበቁት። ከዚያ፣ "ተከሳሽ ዝምታን መርጧል" ብለው ወደ ሸንጎው ዞሩ።

ጋሼ ተጠግተው መረመሩት። "አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው" አሉ። "በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። ባለ አንድ ዓይን ሁሉ ከሃዲ ነው።"

"በጎን ስለሆነ ነው እንጂ" አልኩ።

"ይሁዳም በጎን ነው" አሉ።

ጎረቤታችን የጭሱን ነገር ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ቤት ውስጥ ሌላ ሴት አለች!"

"እናቱ ትሆናለች" አሉ ጋሼ ለማብረድ።

"እናቱ ከሆነችማ የባሰ ነው።"

ልጄ ከክፍሏ ብቅ አለችና "ማም፣ አር ዘይ ኦኬይ?" አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "አባባ፣ አንተም እኮ ኦል ዴይ ተቀምጠህ ነው" አለች።

"እርስዎ በይ!" አልኳት።

አባቴ ግን አልተቆጡም። "እኔ ዳኛ ነኝ" አሏት። "ዳኛ ቆሞ ሲፈርድ የት አይተሻል?" ይህን ያሉት ቆመው ነበር፤ ትዝ ሲላቸው ተቀመጡ።

በዚያ ቀን ሳይፈረድ ቀረ። የሴት ወገን በሌለበት አይፈረድም አሉ አባቴ። አንዲት ሴት አባት ወይ ወንድም ወይ አጎት ሳይቆምላት ጉዳይዋ ቢታይ ነውር ነው። እኔም ወገኗን እንድፈልግ ታዘዝኩ። የሚገርመው፣ "እሺ" ማለቴ ነው።

በሳምንቱ የሟቹ ልጅ ደወለች። የአባቷን ቤት ስታጸዳ ከሥዕሉ በላይ ትሰካ የነበረችውን ትንሽ መብራት አግኝታ ልታመጣልኝ ፈለገች። አባቴ ከአጠገቤ ሆነው የሰሙት እንግሊዝኛ ጥቂት ነው፤ የገባቸው ግን ብዙ ነው።

"የሴቲቱ ወገን ናት" አሉ። "ቅዳሜ ትምጣ።"

መጣች። ደረጃው ላይ ወርጄ ተቀበልኳትና ላስጠነቅቃት ሞከርኩ። "አባቴ ጥቂት ጥያቄ ይኖራቸዋል።"

"ስለ ሥዕሉ?"

"ስለ ትዳሩ።"

ፈገግ አለች፤ እየቀለድኩ መስሏት ነው። በሩን ስከፍት ሦስቱ ሽማግሌዎች በሰልፍ ተነሡላት። ያን ጊዜ ፈገግታዋ ቀረ፤ ኮቷን አወለቀች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ መብራቷን በሁለት እጇ እንደ ያዘች ቆመች። ልጄን አስተርጓሚ አደረግናት።

"ይቺ ሴት ምንዎ ናት?" ብለው ጠየቁ አባቴ።

"ምኔም አይደለችም። እናቴ ሥዕሉን የገዛችው አንድ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ነው። አባቴ ጥርስ ሐኪም ነበር። እንኳን ኖርዌይ፣ የሰው እርሻ ውስጥም ገብቶ አያውቅም።"

"ስለዚህ ወገን የላትም።"

"የላትም መሰለኝ።"

"አሁን አገኘች" አሉ አባቴ። "ይቀመጡ።"

ያቺ መምህርት አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩን አየች። ከዚያ ተቀመጠች። አባቴ ቀስ ብለው፣ "በደሏ ምንድን ነው? እንደ እሷ ሆነው ይንገሩን" አሏት። ልጄ ተረጎመች።

 ሥዕሉን አየችው። ልትስቅ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ባልዲው አይደለም" አለች በመጨረሻ። "ባልዲውን ትችለዋለች። የሚከብዳት፣ እሱ እዚያ ተቀምጦ 'አንቺ ታውቂበታለሽ' ማለቱ ነው። በደወለች ቁጥር ይህንኑ ነው የሚላት። 'እኔማ ብመጣ ምን እረዳለሁ? አንቺ ነሽ የምታውቂበት።' መንገዱ ሰዓት ተኩል አይሞላም። በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ምሳ በልቶ ሄደ።"

ልጄ መተርጎሟን አቆመች። "ማም፣ ስለ ሥዕሉ ነው የምታወራው?"

"ተርጉሚ" አልኳት።

ወንድም እንዳላት አውቅ ነበር፤ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው የሚኖረው። እኔ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አባቱን ገላ እያጠብኩ በሩ ላይ ቆሞ "ጎበዝ ነሽ" ብሎኛል። እሷ ግን ከትምህርት ቤት ወጥታ በየቀኑ ትመጣ ነበር፤ አንድም ቀን ስለ እሱ ክፉ ቃል ሲወጣት አልሰማሁም። አሁን ሁሉንም ተናገረች። እንባዋ ወረደ፤ ጎረቤታችን ሶፍት አቀበለቻት። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው፣ "አንድ ዓይን ብዬ ነበር" አሉ ለራሳቸው።

አባቴ ብዙ ጊዜ አልወሰዱም። "ይውረድ" አሉ። "ከግንዱ ይውረድና አንዱን ባልዲ ይያዝ። ተፈርዷል።"

"አሜን!" አለች ጎረቤታችን።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አባቴ ግን፣ "ፍርድ ያለ አፈጻጸም ወሬ ነው" አሉ። ጋሼም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ቀለም አለኝ" አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሥዕሉ የእኔ መሆኑ ትዝ ያላቸው ያኔ ነው። እኔ ግን ሴትየዋን አየኋት። ሦስት ዓመት ዓይኔን ያሳረፍኩባት ሴት ናት። ብቻዋን ስለሆነች ነው የወደድኳት፤ ሰው ሲጨመርላት ማን መሆኗ ነው? እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። የሟቹ ልጅ ግን በሶፍቱ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ በተስፋ ታየኛለች።

"እሺ፣ ይውረድ" አልኩ። "ግን እንዳያናግራት።"

አባቴ አሰቡበት። "ተገቢ ነው" አሉ። "ዝም ብሎ ይሸከም።"

ጋሼ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሠሩ። ምንጣፉ ላይ ጋዜጣ አነጠፍን። ሰውዬውን ከግንዱ ላይ በነጭ ቀለም አጠፉትና ሴትየዋ ጎን አቆሙት። ችግሩ፣ አንዱን ባልዲ ሲሰጡት በእንጨቱ ላይ የቀረው ሌላው ባልዲ ብቻውን ሆነ፤ አባቴ "ይሄማ ይወድቅባታል" ብለው ተቃወሙ። ተመክሮበት፣ የእንጨቱን አንድ ጫፍ እሷ፣ አንድ ጫፍ እሱ ትከሻው ላይ አድርገው፣ ሁለቱም ባልዲዎች መሐል እንዲንጠለጠሉ ተወሰነ። ጋሼ የሚያውቁት የአሣሣል ስልት አንድ ስለሆነ ሰውዬው ወደ እኛ ዞሮ፣ ሁለት እንቁላል የሚያካክሉ ዓይኖቹን አፍጦ ቆመ። ፒፓው አፉን ያስከፍተዋል፣ ያናግራታል ተብሎ ተወሰደበት። ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ነጭ ሆኖ የሰው ቅርጽ ስላስቀረ፣ ጋሼ ለመሸፈን አንድ ወፍ ጨመሩ። ወፏ ዶሮ አከለች።

የሟቹ ልጅ ስታየው መጀመሪያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ቆማ መሳቅ ሲያቅታት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እኔም ተከተልኳት። ጋሼ ቅር እንዳላቸው አየሁ፤ "ዓይኑ ትንሽ በዝቶ ይሆን?" አሉ። "የለም፣ የለም" አለቻቸው፤ "ልክ ነው።" ፎቶ አንሥታ እዚያው ለወንድሟ ላከችለት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ።

"የአባቴን ሥዕል ምን አደረጋችሁት?" ሲል ሁላችንም ሰማን።

"መጥተህ እይ" አለችው።

በሳምንቱ መጣ። በራችንን የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው። ቡትሱን አውልቆ፣ አንዱ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ፣ አባቴ ፊት ቆመ። ልቀመጥ አላለም፤ አባቴም ተቀመጥ አላሉትም።

"አባትህ ሦስት ዓመት ሲታመሙ ለምን አልመጣህም?" አሉት። ልጄ አሁን ለምዳዋለች፤ እንደ እሳቸው ድምፅዋን አወፍራ ተረጎመችለት።

"ና ያለኝ የለም" አለ።

"ፈረሱም እንዲህ ሊል ይችላል" አሉ አባቴ። "አንተ ግን ፈረስ አይደለህም።"

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እኅቱን አየ። ከዚያ ሥዕሉን አየ፤ አፍጥጦ የሚያየውን ሰውዬ መልሶ አየው።  "ፈራሁ" አለ በመጨረሻ፣ ለእኅቱ። "እንደዚያ ሆኖ ላየው ፈራሁ።" እሷ "እኔም ፈርቼ ነበር" አለችው። አልተቃቀፉም፤ አባቴም ተቃቀፉ አላሉም። የወሰኑት አንድ ነገር ነው፤ የአባታቸውን ጋራዥ እሱ ብቻውን ያጸዳል። እኅቱ በታጣፊ ወንበር ተቀምጣ ታያለች።

አባቴ አፈጻጸሙን ካላየሁ ስላሉ በቀጠሮው ቀን ሴንትራል ፓርክ ወሰድኳቸው። ወንድምየው በላብ ተጠምቋል። የጥርስ ሐኪም ወንበር ሳይቀር፣ ከድሮ ቤታቸው የመጣ፣ አርባ ዓመት የተከማቸ ዕቃ አስፋልቱ ላይ አውጥቶ ደርድሯል። እኅቱ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ፣ ወንበሯ ላይ እግሯን አጣጥፋ ብርቱካን ትልጣለች። ከባዱን ቁም ሣጥን ሲገፋ እንደ መነሣት አለች፤ አባቴ ጣታቸውን ሲያነሡባት ተመልሳ ተቀመጠች። አባቴ ጋራዡን ዞረው አዩ፤ ከጥግ የቀረ አንድ መሰላል አሳዩት፤ አወጣው። "ደኅና ነው" ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ።

ልንሄድ ሞተር ሳስነሣ ሰውዬው መጥቶ በእኔ በኩል መስኮቱን አንኳኳ። እጁን በሱሪው ጠረገና ጎንበስ አለ።

"አባትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ይኖራሉ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከሚስቴም ጋር... አንዳንድ ነገር አለን።"

ምን እንደምመልስለት ግራ ገብቶኝ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። አባቴ ቀበቷቸውን አስረው፣ አንገታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው፣ ያልሰሙ መስለው ተቀምጠዋል። መስኮታቸውን ግን ለአራት ጣት ያህል ዝቅ አድርገውታል።